ማሲንቆውን ገዛችሁ፣ ጭራውን ረሳችሁ

የትምህርት ቤት የባህል ክበብ ዕቃ ሲገዛ ዝርዝሩ ላይ ከበሮ አለ፤ ክራር፣ ዋሽንትና ማሲንቆም አሉ። የፈረስ ጭራና ዕጣን ግን ተጽፈው አላየሁም። ማሲንቆው በመስከረም ይመጣል፣ ኅዳር 29 ለብሔር ብሔረሰቦች ቀን መድረክ ላይ ይወጣል፣ ክረምቱ ሲያልፍ ደግሞ ጭራው ግማሹ ተበጥሶ፣ ግማሹ ላልቶ የክበቡ ክፍል ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ በኋላ የሚባለውን አውቀዋለሁ፦ «ማሲንቆው ተበላሽቷል፤ ሌላ ይገዛ።» እንጨቱ ደህና ነው። ቆዳውም ደህና ነው። ያለቀው በአንድ ከሰዓት የሚቀየር ጭራ ነው።

ጉደር ተወልጄ አምቦ የማስተምር ሰው ነኝ። አባቴ ጋሪ ነጂ ስለነበር ከማሲንቆ በፊት የማውቀው ፈረስ ነው። ዛሬ ከአምቦ፣ ከጊንጪ፣ አንዳንዴም ከጌዶ ለጥገና ማሲንቆ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ከሚመጡት ውስጥ እንጨቱ የተሰነጠቀ ጥቂት ነው። ሌላው ሁሉ ጭራው ደክሞ ባለቤቱ ግን ማሲንቆው እንደሞተ የቆጠረው ነው።

ይህ ለምን እንደሚያናድደኝ ለመረዳት ማሲንቆ እንዴት እንደሚጮህ ማወቅ ይበቃል። ክራር አንድ ክር ቢበጠስበት በቀሩት ያዘግማል፤ በገናም ዐሥር አውታር አለው። ማሲንቆ ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ያም አንድ፣ ከብዙ ዘለላ ጭራ የተሰበሰበ ነው። ደጋኑም የተወጠረው በጭራ ነው። ጭራ በጭራ ላይ ሲሄድ ነው ድምፁ የሚወጣው። የፈረስ ጭራ በእጅ ሲዳሰስ ልስልስ ቢልም ላዩ ከሥር ወደ ጫፍ በተደራረበ ቅርፊት የተሸፈነ ነው፤ ዕጣን ሲታሽበት ዱቄቱን ይይዛል። ደጋኑ ሲሳብ አውታሩን ያዝ አድርጎ ይለቀዋል፣ መልሶ ይይዘዋል፣ ይህንንም በአንድ ሰከንድ ውስጥ መቶዎች ጊዜ ያደርገዋል። ጭራው ካረጀ መያዝ ያቅተዋል። ተጫዋቹ ዕጣን ይጨምራል፣ ደጋኑን አጥብቆ ይጫናል፣ ድምፁ ግን መሻከር ብቻ ይሆናል። የጣት ላብና ቅባትም አለ፤ ማሲንቆ ላይ ጣት አውታሩን የሚነካው ከጎን ነው፣ ከሥሩ የሚደገፍበት እንጨት የለውም፣ ስለዚህ ጣት የሚያርፍባቸው ቦታዎች ጠቁረው፣ ልሙጥ ሆነው፣ ከሌላው ቀድመው ያልቃሉ። አንድ ማሲንቆ ከፍ ባለው ድምፅ ላይ ብቻ የሚንሸራተት ከሆነ ሌላ ምክንያት አልፈልግም፤ መጀመሪያ እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ጭራ አያለሁ።

«ናይለን ይሻላል፣ አይበጠስም» የሚሉኝ ወጣቶች አሉ። የዓሣ ማስገሪያ ክር ገዝተው ወጥረው ይመጣሉ። ክራር ከጅማት ወደ ናይለንና ወደ ብረት ተሻግሮ ምን ሆነ? ይሉኛል። ጥያቄያቸው የሚናቅ አይደለም፤ ክራሩ በእርግጥ ምንም አልሆነም። ግን ክራር የሚገረፍ ነው፣ ማሲንቆ የሚሳብ። የሚገረፍ አውታር መወጠር ከቻለ ይጮሃል፤ የሚሳብ አውታር ደጋኑን የሚይዝበት ነገር ያስፈልገዋል፣ ናይለን ደግሞ ከጭራ ይልቅ ልሙጥ ነው። የቫዮሊን ሰዎች የሄዱበትን መንገድ ተመልከቱ። አውታራቸውን ከአንጀት ወደ ብረትና ወደ ሰው ሠራሽ ክር ቀይረዋል፤ ደጋናቸው ላይ ግን ዛሬም ከ150 እስከ 200 የሚደርስ የፈረስ ጭራ ነው ያለው። ብር አጥሯቸው አይደለም፤ የተሻለ ስላላገኙ ነው። ሥራቸው ያደረጉት ደግሞ ጭራው እስኪበጠስ አይጠብቁም፣ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ያስቀይራሉ።

እኛስ ጋ? አምቦ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፣ ክረምቷም የዋዛ አይደለም። ጭራ እርጥበት ሲጠጣ ይረዝማል፣ ሲደርቅ ያጥራል። ሐምሌ ላይ ማታ የተቃኘ ማሲንቆ ጠዋት ላልቶ ይገኛል፤ ተማሪው መቃኛውን ያጠብቃል፣ በማግስቱም ያጠብቃል። ጥቅምት ገብቶ ፀሐይ ሲወጣ ያ ሁሉ የጠበቀ ጭራ ያጥራል፣ ደካማ ደካማው እየተለየ ይበጠሳል። ቀኑን ጨርሶ ሲሰቅል መቃኛውን ትንሽ ማላላት ማንንም አያደክምም፤ ይህን ግን ለተማሪው የነገረው የለም። በክረምት ዕረፍት ሣጥን ውስጥ የተቆለፈውን ደግሞ ብል ይበላዋል። አንድ ትምህርት ቤት ቁምሣጥን ሲከፈት ከደጋኑ ላይ ጭራው እንደ ተላጨ ሆኖ አይቻለሁ።

ጭራ ከየት ይመጣል ለሚለው መልሱ ደጃችን ላይ ነው። በአገራችን ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ፈረስ አለ፤ የምዕራብ ሸዋ ደጋም የፈረስ አገር ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ ሳይቀሩ በፈረስ ስማቸው የሚጠሩበት አገር ነው፦ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ችግሩ ለማሲንቆ የሚሆነው ሁሉም ጭራ አለመሆኑ ነው። የጋሪ ፈረስ ጭራ ጭቃና አቧራ ስለሚጠጣ፣ ከጋሪው ጋርም ስለሚተሻሽ ያጥራል፣ ይሰነጣጠቃል። ጋሪውም ባጃጅ ከበዛ ወዲህ እያነሰ ሄዷል። የባዝራ ጭራ ሽንት ስለሚነካው የወንዱን እመርጣለሁ። ነጩ ቀጭንና ለድምፁ ንጹሕ ነው፣ ጥቁሩ ሻከር ይላል፤ እኔ ጥቁሩን ለደጋኑ፣ ነጩን ለአውታሩ አደርጋለሁ። ይህ የእኔ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

ጥሩ ጭራ የማገኘው ደጋ ላይ ነው፣ ጄልዱ፣ ጎጆ አካባቢ። እዚያ ደግሞ የፈረስ ጭራ የባለቤቱ ክብር ነው። አንድ አዛውንት ፈረሳቸውን እየጠረጉ አግኝቼ፣ «ኦቦ፣ ለማሲንቆ ትንሽ ጭራ ቢሰጡኝ?» አልኳቸው።

«ለዝንብ መከላከያ አትሸጠውም?»

«አልሸጥም፣ አባቴ። ለልጆች ማሲንቆ ነው።»

«እንግዲያው ከውስጥ ከውስጡ ውሰድ። ከላይ ብትነካብኝ ለጥምቀት በምን ፊት ይዤው እወጣለሁ?»

ትክክል ናቸው። በአንድ ቦታ መቀስ ሰዶ መቁረጥ ፈረሱንም ባለቤቱንም ማዋረድ ነው። ከሥረኛው ድርብ ጥቂት ጥቂት ለይቶ መውሰድ ይቻላል፤ ከብዙ ፈረስ ተሰብስቦ አንድ ማሲንቆ ይለብሳል።

ሥራው ራሱ ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። ጭራውን ለብ ባለ ውኃና በሳሙና አጥባለሁ፣ ጥላ ውስጥ አደርቃለሁ፣ በማበጠሪያ አበጥራለሁ። የተሰነጠቀና የተጠማዘዘ ዘለላ አንድም እንዳይቀር እያየሁ እነቅላለሁ፤ እኩል ያልተወጠረ አንድ ዘለላ ሌሎቹን ያንኮራኩራል። ሁለቱን ጫፍ በክር አጥብቄ አስራለሁ፣ የታችኛውን ከእንጨቱ ጫፍ ላይ፣ የላይኛውን ከመቃኛው ላይ አውላለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ወጥሬ አሳድራለሁ። በዚያው ቀን ድምፅ የሚፈልግ ደንበኛ በማግስቱ ላልቶበት ተመልሶ ይመጣል። ዕጣኑ የሚታሸው ውጥረቱ ከረጋ በኋላ ነው፣ ለደጋኑም ለአውታሩም።

ስለ አውታር ሳስብ የአደን ቀስት ያላቸው ፈረንጆች ትዝ ይሉኛል። እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ የሚዙሪው ሰው ሆልስ ዊልበር አለን የባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለ መዘውር ቀስት አለ፤ ዛሬ አዳኞች የሚይዙት ብዙው የእሱ ዘር ነው። አውታሩ ከሰው ሠራሽ ክር የተገመደ ነው። ባለቤቱ ሰም ይቀባዋል፣ አንድ ክር ብትላጥ ያያታል፣ ሁለት ሦስት ዓመት ሲሆነው ያልተበጠሰውንም ይቀይራል፤ ለመቀየርም ቀስቱን የሚጨብጥ ልዩ መሣሪያ ያስፈልገዋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከፍቅር የመጣ አይደለም። የተወጠረ ቀስት አውታሩ ቢበጠስ ፊት ላይ ነው የሚፈነዳው። የማሲንቆ ጭራ ሲበጠስ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሚጠፋው ድምፅ ነው፣ ለድምፅ ደግሞ ሪፖርት የሚጽፍ የለም።

«ማሲንቆ የሰሜን አዝማሪ መሣሪያ ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚል ቃል በከተማችን ወጣቶች ዘንድ እየሰማሁ ነው። ለገሠ አብዲ በማሲንቆው ታጅቦ በኦሮምኛ ሲያዜም ያልሰማ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚለው። ሀጫሉ ሁንዴሳ የተወለደባት አምቦ ለሙዚቃ ባዕድ አይደለችም፤ የአባቶቻችንን ፈረስና የአባቶቻችንን ማሲንቆ አንድ ላይ የሚያገናኝ ነገር ካለ ደግሞ ይኸው ጭራ ነው።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶች፣ የኪነት ቡድኖች፦ ማሲንቆ ስትገዙ በዚያው ደረሰኝ ላይ ሁለት ለውጥ የሚሆን የታጠበ ጭራና ዕጣን ይግባ። ሻጩ ጭራ የለኝም ካለ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። የክበቡ መምህር ከመጀመሪያው ዜማ በፊት ተማሪዎቹን ጭራ ማሰር ያስተምር፤ ያንን የሚችል ልጅ ማሲንቆውን አይጥለውም። የለውጡ ጊዜ ደግሞ ጭራው ተበጥሶ አይሁን፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱ ክረምት ሲወጣ፣ አንዱ ከጥምቀት በኋላ ይሁን። ከጥምቀት በኋላ ያልኩበት ምክንያት ተራ ነው፤ ደጋ ላይ ያሉ ባለፈረሶች ከዚያ ቀን በፊት ጭራ አይሰጡም።

«በጀት የለም» የሚለውን መልስ እጠብቃለሁ። በየሁለት ዓመቱ አዲስ ማሲንቆ የሚገዛበት በጀት አለ፣ አይደል?