ተርኪውን ትታችሁ ወደ ባሕሩ
በኦክላንድና በሳን ሆዜ ዙሪያ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ለታንክስጊቪንግ ተርኪውን ተዉትና ከጓደኞቻችሁ ጋር ወደ ሃፍ ሙን ቤይ ውረዱ። በዓሉ በኖቬምበር አራተኛ ሐሙስ እንዲውል በአሜሪካ ሕግ የተወሰነው በ1941 ነው፤ ሕግ አውጪዎቹ ታዲያ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 እንደሚገባ ከየት ይወቁ? ሐሙሱ አብዛኛውን ጊዜ ጾሙ ውስጥ ይወድቃል፤ ጿሚው እንግዳም በሰው ቤት ድንች ሲቆነጥር ይውላል፣ ያውም ቅቤ ካልነካው። (ለፈሰከውም ቢሆን ያ ደረቅ ሥጋ ከዶሮ ወጥ ጎን ሲቀርብ ያሳዝናል።) እናቶች በዓል በቤት ነው የሚዋለው ይሉ ይሆናል፤ ለፋሲካና ለገና እውነት ነው፣ ይኼ ግን የተዋስነው የዕረፍት ቀን ስለሆነ እንደ ልባችን ብናውለው የሚቀየም የለም። በዚያው ባሕር ዳርቻ፣ ከፓሲፊካ በስተደቡብ ዴቭልስ ስላይድ የሚባል ገደል አለ፤ እየተናደ ያስቸግር የነበረው አሮጌ መንገድ በ2013 ምትክ ዋሻ ሲከፈት ለመኪና ተዘጋ፣ በ2014 ደግሞ ለእግረኛና ለብስክሌት ተለቀቀ። እዚያ ላይ ፓስፊክን ቁልቁል እያዩ ጎን ለጎን ሲራመዱ የሚወጣው ጨዋታ፣ ሳሎን ውስጥ የአሜሪካ ኳስ እየጮኸ አይወጣም። ሽሮና ጎመን በምሳ ዕቃ፣ ቡና በፔርሙስ ይያዝ። ባሕሩ ዳር ስትወርዱ ደግሞ ውሃው ቀዝቃዛ፣ ማዕበሉም ድንገተኛ ነውና ልጆች ጀርባቸውን ለባሕሩ አይስጡ። ጀምበር 11 ሰዓት ሳይሞላ ስለምትጠልቅ በጠዋት ተነሱ፤ ለ3 ሰዓት ተቀጥሮ በ6 የሚመጣውን ጓደኛችሁንማ ቤቱ ድረስ ሄዳችሁ አውጡት።