የአሮጌ መኪና ካምቢዮና የያዮ ዳገት

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ አውቶሞቢል ከውጭ አገር ማስገባትን እጅግ ውድ አደረገው፡፡ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ጨርሶ እንዳይገቡ መንግሥት አስታወቀ፡፡ ለነዳጅ መግዣ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ እንዲተርፍ መታሰቡን እኛ አንነቅፍም፡፡ ነገር ግን ከሁለቱ ውሳኔዎች የሚከተል አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና፥ ባለቤቱ በቀላሉ የሚለውጠው ሌላ ስለማያገኝ፥ ገና ብዙ ዘመን በመንገዳችን ላይ የሚቆይ መሆኑ ነው፡፡ እንግዲህ የጥገናው ጉዳይ ለጋራዥ ሰዎች ብቻ የሚተው አይደለም፡፡

ለምሳሌ ላዳን እንውሰድ፡፡ ከደርግ ዘመን ጀምሮ በአዲስ አበባ በታክሲነት ያገለገለው ይህ መኪና የጣልያኑን ፊያት 124 መሠረት አድርጎ በቶሊያቲ ፋብሪካ የተሠራ ነው፡፡ ከኋላ ጎማው የሚነዳው ዓይነት በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970 እስከ 2012 ድረስ ሲሠራ ኖሯል፡፡ ካምቢዮው ሲሰበር ወይም ዲፈረንሻሉ ሲጮህ ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ሌላ ይፈለግለታል፡፡ የሁሉም ላዳ ቅርጽ ተቀራራቢ በመሆኑ ካንዱ የወጣው ለሌላው ይገጥማል፡፡ ነገር ግን መግጠም አንድ ነገር ነው፤ መስማማት ግን ሌላ ነው፡፡

ነገሩን በቁጥር እናስረዳ፡፡ በ2101 ላዳ ዲፈረንሻል ውስጥ ትንሿ ባለጥርስ 10፥ ትልቁ ቀለበት 43 ጥርስ አላቸው፤ ስለዚህ ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚመጣው ረጅም ዘንግ 4.3 ጊዜ ይዞራል፡፡ የ2103 ላዳ 4.1፥ የ2106 ደግሞ 3.9 ነው፡፡ የካምቢዮውም የአንደኛ ማርሽ ቁጥር እንዲሁ ይለያያል፤ በ2101 3.75፥ በ2106 3.24 ነው፡፡ መኪናው በአንደኛ ማርሽ ያለው ጉልበት የሚታወቀው ሁለቱን በማባዛት ነው፡፡ 3.75 በ4.3 ሲባዛ 16.1 ይሆናል፡፡ በዚያው በ1,200ው ትንሽ ሞተር ላይ የ2106ን ካምቢዮና ዲፈረንሻል የገጠመ ሰው ግን 12.6 ብቻ ያገኛል፡፡ ከመቶ ሃያ ሁለት እጅ የሚሆን ጉልበት በገዛ ገንዘቡ ጣለ ማለት ነው፡፡ ሻጩ ግን «ይኼ ፈጣኑ ነው» ብሎ ሸጦለታል!

ልዩነቱ በደልዳላ ከተማ ላይ እምብዛም አይሰማ ይሆናል፡፡ ዳገቱና ቁልቁለቱ በሚፈራረቁበት አገር ግን ይታወቃል፡፡ ከበደሌ ተነሥቶ በያዮና በሁሩሙ አድርጎ መቱ የሚገባውን መንገድ እናስብ፡፡ አገሩ የጌባ ወንዝና ገባሮቹ የከፋፈሉት፥ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የጫካ ቡና ያለበት ነው፤ ዝናቡም ብዙ ነው፡፡ አምስት ሰውና ዕቃ የጫነ ላዳ በዳገት መካከል ቆሞ እንደገና ለመነሣት ቢፈልግ፥ ጉልበቱ የጎደለው እንደ ሆነ ነጂው ፍሪሲዮኑን እያቃጠለ ማስነሣት ይኖርበታል፡፡ ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል፡፡ ማርሹ የመኪናውን ፍጥነት የሚይዝበት ኃይል በዚያው መጠን ስለሚቀንስ ሸክሙ ሁሉ በፍሬኑ ላይ ይወድቃል፤ ፍሬን ሲግል ምን እንደሚከተል መግለጽ አያስፈልግም፡፡

ለእንዲህ ያለው መንገድ የሚስማማው፥ በእኛ አስተያየት፥ የ2107ን ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ገጥሞ የቀድሞውን 4.3 ዲፈረንሻል እንዳለ መተው ነው፡፡ አንደኛው ማርሽ 3.67 በመሆኑ ብዜቱ 15.8 ይደርሳል፤ ዳገቱን ይወጣል፡፡ አምስተኛው 0.82 ስለሆነም በሜዳው ሞተሩ ያርፋል፡፡ ካምቢዮው የሚያርፍበት ብረትና የረጅሙ ዘንግ ርዝመት ግን አስቀድመው መለካት አለባቸው፡፡

ዲፈረንሻሉን ሳይፈቱ ማወቅስ ይቻላልን? አዎን፤ መሣሪያውም ክሪክና ጠመኔ ብቻ ነው፡፡ ካምቢዮው ከማርሽ ይወጣል፤ የእጅ ፍሬኑ ስለሚለቀቅ የቀሩት ጎማዎች በሚገባ ይታገዳሉ፡፡ ከዚያ አንዱ የኋላ ጎማ ብቻ በክሪክ ይነሣል፡፡ ጎማውም ዘንጉም በጠመኔ ምልክት ከተደረገባቸው በኋላ ጎማው 20 ጊዜ ይዞራል፡፡ ሌላው ጎማ ቆሞ ስለሚቀር ትልቁ ቀለበት የሚዞረው በግማሹ፥ ማለት 10 ጊዜ ነው፡፡ ዘንጉ 43 ጊዜ ከዞረ 4.3፥ 41 ከሆነ 4.1፥ 39 ከሆነ 3.9 ነው፡፡ አንዳንዱ ጎማውን አንዴ ብቻ አዙሮ በግምት ይናገራል፤ በአንድ ዙር ግን 4.1ን ከ4.3 በዓይን መለየት አስቸጋሪ ነው፡፡

ሌላም የተደበቀ ጣጣ አለ፡፡ የፍጥነት መቁጠሪያው የሚንቀሳቀሰው ከካምቢዮው ነው፡፡ በ4.3 ፈንታ 3.9 ገብቶ የመቁጠሪያው ጥርስ ካልተለወጠ፥ መኪናው በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄድ 54 ያህል ያሳያል፡፡ ነጂው ሕግ አክባሪ ነኝ እያለ ሕግ ይጥሳል፡፡

«ለአሮጌ ብረት ይህን ያህል መድከም ለምን?» የሚሉ ይኖራሉ፡፡ አሮጌ መኪና ጭስ ማብዛቱ፥ ነዳጅም መፍጀቱ አይካድም፡፡ ቢሆንም በአውራጃ ከተማ የሚኖረው መምህር ወይም ነጋዴ ነገ ተነሥቶ የኤሌክትሪክ መኪና አይገዛም፤ ያለውን ይጠግናል፡፡ ከጠገነ ደግሞ በትክክል ቢጠግን ይሻላል፡፡ ሊብሬው የሞተሩንና የሻንሲውን ቁጥር ይዟል፤ ከኋላ የተገጠመው ዲፈረንሻል 4.3 ይሁን 3.9 ግን አይናገርም፡፡ በየዓመቱ ምርመራ ጊዜ ይህችን አንዲት ቁጥር የሚመዘግብ መስመር በቅጹ ላይ ቢጨመር ወጪው ቀለም ብቻ ነው፡፡ የመቱ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ተማሪዎችና የሙያ ትምህርት ቤት ልጆችም የየመኪናውን የጥርስ ቁጥር በአማርኛና በኦሮምኛ በአንድ ገጽ ሠንጠረዥ አዘጋጅተው በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ሊለጥፉት ይችላሉ፡፡ ለላዳው የሚያስፈልገውን ቁጥር አብዛኛውን ከዚህ ጽሑፍ ያገኙታል፤ የቀረውን፥ የ2102ን ማለታችን ነው፥ 40 ጥርስ በ9 ብለው ይጻፉት፤ 4.44 ይሆናል፡፡