ስላይድ አያዋልድም

ዛሬ ስለ በሽታ ሳይሆን ስለ እኛ ስለ ሐኪሞች ትምህርት ላውራችሁ። «ከጤናዬ ጋር ምን አገናኘው?» እንዳትሉኝ፤ ነገ የሚያክማችሁ ልጅ ዛሬ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል።

እኔ የተማርኩት በፓወርፖይንት ነው። መምህሩ ስላይዱን ያነባል፣ እኛ እናዳምጣለን። ስንወጣ ጥያቄያችን አንድ ነው፦ «ስላይዱ ቴሌግራም ላይ ተለቀቀ?» ፈተናውም ከዚያው ስለሚወጣ መጽሐፍ የሚገልጥ ጥቂት ነበር።

ከዚያ አርብ ገበያ ተመደብኩ። አንድ ሌሊት የወለደች እናት ደሟ አልቆም አለ። ስላይዱ ፊቴ ላይ ድቅን አለ፦ ኦክሲቶሲን፣ ማህፀን ማሸት... ቅደም ተከተሉን በቃሌ አውቀዋለሁ። «ማሸት» የምትለዋን ቃል ግን እጄ አያውቃትም! አዋላጇ ሲስተር እጄን ይዛ «ዶክተር፣ እዚህ ጋ፣ ጠንከር አድርገህ» አለችኝ። ማህፀኑ ከእጄ ስር ጠጠር ሲል ደሙ ቀነሰ። እናትየው ተረፈች።

ስላይድ ይጥፋ እያልኩ አይደለም። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ ክልላችን ውስጥ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ብዙዎቻችን ያገላበጥነው ስልካችን ላይ የወረደውን ፋይል ነው። ችግሩ አጠቃቀሙ ላይ ነው። በእኔ እምነት፦

👉 ስላይድ በጽሑፍ አይታጨቅ። በቃል የማይገለጸውን ያሳይ፦ ቪዲዮ፣ የልብ ድምፅ፣ በእኛው የቆዳ ቀለም ላይ የሚታይ ሽፍታ።

👉 ዌብሳይት መጠቀም እንደ ትምህርት ይሰጥ። የዓለም ጤና ድርጅት ሂናሪ የሚባለውን አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው፤ እንደኛ ባሉ አገሮች ላሉ ተቋማት የሕክምና ጆርናሎችን በነፃ ይከፍታል። ተማሪ ሳለሁ የይለፍ ቃሉን አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። ጥፋቱ የራሴም ነው።

👉 ከስላይዱ በኋላ እጅ ይሥራ። በአሻንጉሊት ሞዴል ላይ፣ ከዚያም አዋላጆች አጠገብ ቆሞ። አዲስ ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ያለ ፓወርፖይንት ተማሪዎቹን ገጠር ድረስ እየላከ በሥራ ላይ አሰልጥኗል።

መምህሮቼን አከብራለሁ። በአንድ ክፍል የታጨቀውን ተማሪ ብዛትም አውቃለሁ። ግን ደም የሚፈሳት እናት «ቀጣይ ስላይድ» እስክንል አትጠብቅም።

የጤና ተማሪዎችና መምህራን፣ እናንተ ጋ እንዴት ነው? ኮሜንት ላይ እንወያይ። ጤና ይብዛላችሁ!