ነፋሱና ወረርሽኙ ባንድ ሰሞን

በግንቦት ወር 2012 ዓ.ም. አምፋን የተባለው ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ከቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ወደ ሕንድና ወደ ባንግላዴሽ ጠረፍ ባመራ ጊዜ፣ ያገሩ ሰው በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ከቤቱ እንዳይወጣ ታዝዞ ነበር። ሐኪሙ «ተራራቁ» ይላል፤ የአየሩን ጠባይ የሚከታተለው ደግሞ «ፈጥናችሁ መጠለያ ግቡ» ይላል። መጠለያ ማለት ግን ሰው ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ የሚያድርበት አዳራሽ ነው። ታዲያ ድኻው የትኛውን ይስማ?

የባንግላዴሽ መንግሥት የሰጠው መልስ እጅግ ቀላል ስለ ነበረ ብዙ ሰው ሳያስተውለው አልፏል። ከ4,000 ጥቂት ይበልጡ የነበሩትን መጠለያዎች ከ12,000 በላይ አደረሳቸው። አዲስ ሕንፃ ሠርቶ አይደለም፤ በወረርሽኙ ሳቢያ ባዶ የቆሙትን ትምህርት ቤቶች አስከፈተ እንጂ። ከ2 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብ ከነፋሱ በፊት ገባ። በ1963 ዓ.ም.፣ አገሩ ገና ምሥራቅ ፓኪስታን ሲባል፣ የደረሰው ዐውሎ ነፋስ ከ300,000 የማያንስ ሰው ፈጅቶ ነበር። በአምፋን የሞቱት ግን የሁለቱ አገሮች ተደምረው 200 አልሞሉም።

እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ግን በር መክፈት ብቻውን ሰውን የማያስገባ መሆኑ ነው። አልጋ የያዘች አሮጊት፣ ዓይነ ስውር፣ ላሜን ትቼ አልሄድም የሚል ገበሬ፣ ከነፋሱ ይልቅ በሽታውን የሚፈራ ሰው ከቤቱ ይቀራል። በዚያ አገር ግን ከአምሳ ዓመት በፊት የተደራጁ የመንደር ፈቃደኞች አሉ። ድምፅ ማጉያ ይዘው ደጅ ለደጅ ይዞራሉ፤ የሰፈሩ ልጆች ስለ ሆኑም ማን መራመድ እንደማይችል ያውቃሉ። ለከብቱም ሳይቀር ውሃ የማይደርስበት የአፈር ጉብታ የተቆለለበት ቦታ አለ። (ላም ያላዳነ ባለላሙን አያድንም፤ ይህን የከተማ ሰው ቶሎ አይረዳውም።)

በዚያው ዓመት ክረምት አዋሽ ሞልቶ የአፋርን መንደሮች ሲያጥለቀልቅ እኛም በሁለት መዓት መካከል ነበርን። የሰፈሩን ሰው የሚያውቅ ግን በኛም ዘንድ ጠፍቶ አይደለም። አፋር ወሬ የሚቀባበልበት ዳጉ አለው፤ በደጋውና በከተማው ደግሞ የዕድር ዳኛ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ ማን እንደታመመ ይነግራችኋል። ችግሩ የዕድር ጥሩምባ የሚነፋው ሰው ከሞተ በኋላ መሆኑ ነው። የወረዳው ሹም በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ዳኞቹን ሰብስቦ ተሸክመው የሚያወጧቸውን ሰዎችና የሚያስገቡበትን ትምህርት ቤት በስም ቢያስመዘግባቸው የሚጠይቀው ወጪ አንድ መዝገብና አንድ ቀን ነው።