ይድረስ ለጆርጅ ፊንች፦ ስለዚያ የላባ ኮት

ክቡር ፕሮፌሰር ጆርጅ ኢንግል ፊንች፤

ካረፉ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታልና ይህ ደብዳቤ እጅዎ አይገባም። ሆኖም ውለታ የዋለ ሰው ስሙ ሳይነሳ መቅረት የለበትም። ወደ ሰሜን ተራሮች ስንወጣ ጠቅልለን የምንይዘውን ያን ቀላልና ሞቃት ጃኬት ባየሁ ቁጥር የማስበው እርስዎን ነው።

እ.ኤ.አ. በ1922 የእንግሊዝ ጓድ ወደ ኤቨረስት ሲሄድ ሌሎቹ የሱፍ ኮትና ሹራብ ደራርበው ነበር። እርስዎ ግን የኬሚስትሪ ሰው ነዎትና ከፊኛ ጨርቅ ረዥም ኮት አሰፍተው በኤይደር ዳክዬ ለስላሳ ላባ አስሞሉት። ጓደኞችዎ ሳቁብዎ። ቁሩ ሲጠና ሳቁ ወደ ቅናት ተለወጠ። በዚያው ዓመት ግንቦት ከጄፍሪ ብሩስ ጋር 8,300 ሜትር ገደማ ደረሱ፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንም ተራራ ወጪ ያልደረሰበት ከፍታ ነበር። ይዛችሁት የወጣችሁት የታሸገ ኦክስጅን ድርሻ ትልቅ መሆኑን አልዘነጋሁም። ለእኔ ግን ኮቱ ይበልጥብኛል፤ የታሸገ ኦክስጅን የሚያስፈልገው ጥቂት ሰው ነው፣ ብርድ የማይነካው ግን የለም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግንዎ ስለ ሐሳቡ ነው። ሙቀቱ የገላችን ነው፤ የልብስ ሥራ እንዳያመልጥ መያዝ ብቻ ነው፣ የሚይዘውም በውስጡ ባቆመው አየር ነው። ላባው አየሩን ያቆማል፣ ጨርቁ ነፋሱን ይከለክላል። ጋቢያችንም በእጥፎቹ መካከል አየር ስለሚይዝ ያሞቃል፤ ጥጥ ነውና ካፊያ ሲነካው ይከብዳል እንጂ።

ዛሬ ሰው ጃኬት ልግዛ ብሎ ሲያማክረኝ የምመልሰው ከእርስዎ ሐሳብ ተነስቼ ነው። እንዲህ እላለሁ፦ ሰልባጅ ተራም ሆነ ሱቅ፣ መጀመሪያ ጃኬቱን ጨምቀው ይልቀቁት፤ ቶሎ ተነፍቶ ከተመለሰ ላባው ገና ሕያው ነው። ወደ ብርሃን ያንሱት፤ ላባው አንድ ጥግ ተቋጥሮ ሌላው ባዶ ከሆነ ይተዉት። አንዳንዱ ላይ 600 ወይም 800 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ አንድ አውንስ፣ ማለትም 28 ግራም ያህል ላባ፣ ሲነፋ ስንት ኪዩቢክ ኢንች እንደሚሞላ የሚናገር ነው። ቁጥሩ ሲበዛ ለተመሳሳይ ሙቀት የሚያስፈልገው ላባ ያንሳል፣ ጃኬቱም ይቀላል። ለበጋው ደረቅ ውርጭ ላባን የሚያህል የለም። ለክረምት ግን ሰው ሠራሹን እመርጣለሁ። ላባ ሲረጥብ ይሟሽሻል፤ እንደ ፕሪማሎፍት ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለአሜሪካ ጦር ተብሎ የተሠራው ፋይበር፣ እርጥብም ሆኖ የተወሰነ ሙቀት ይይዛል።

ልኩ ከሹራብ በላይ የሚገባ ይሁን፤ ከጠበበ ላባው ይታመቅና አየሩ ይወጣል። ኮፍያ ያለው ይሻላል። ከካምፕ እሳት ግን ይጠበቅ፤ አንዲት ፍንጣሪ ስስ ጨርቁን ትበሳዋለች።

ብዙዎች የሚስቱት አንድ ነገር አለ። ዳገት ሲወጡ ይለብሱትና በላብ ያርሱታል። ይህ ጃኬት የሚራመድ ሰው ልብስ አይደለም፤ ቆም ሲሉ፣ ሲቀመጡ፣ ድንኳን ሲተክሉ የሚደረብ ነው። በሰሜን ተራሮች፣ ግጭ ወይም ጨነቅ ካምፕ፣ 3,600 ሜትር ላይ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ቁሩ ወዲያው ይወርዳል፤ በበጋ ሌሊት ከዜሮ በታች የሚሆንበት ጊዜ አለ። ጃኬቱ ከቦርሳው አፍ አጠገብ መቀመጥ ያለበት ለዚህ ነው።

ኤቨረስት ላይ አውሎ ነፋስ ድንኳንዎን ሲያናውጥ ሰንብቶ፣ ጓዝ ተሸካሚዎቹ ከታችኛው ካምፕ ትኩስ ሻይ በቴርሞስ ይዘው እንደደረሱልዎ አንብቤአለሁ። እነርሱ የላባ ኮት አልነበራቸውም። በእኛም ተራራ ሌሊቱን ቁጭ ብሎ የሚጠብቀን ስካውትና ጓዛችንን የሚጭነው የበቅሎ ነጂ አብዛኛውን ጊዜ በጋቢና በኮንጎ ጫማ ነው የሚያድሩት። ከሁላችን ይልቅ ሳይንቀሳቀሱ የሚያነጉት እነርሱ ናቸው።

ስለዚህ በስምዎ አንባቢዎችን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ወደ ሰሜን ስትወጡ ቤት የተቀመጠ ደህና ጃኬት ካላችሁ ጨምራችሁ ያዙ፤ ስትመለሱም ለስካውቱ ወይም ለበቅሎ ነጂው ትታችሁለት ውረዱ።