ሥጋት ሰፈር ይመርጣል

«በዚህ ዘመን አደጋ ሀብታም ድኻ አይልም» የምትል አባባል አለች። ወረርሽኝ ሲገባ ትነሣለች፣ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲወራ ትነሣለች። መጽሐፍ ያገላበጠ ሰው መሀል ከተገኘ ደግሞ «ሪስክ ሶሳይቲ ማለት እኮ ይሄ ነው» ብሎ ያሳርጋታል። የዛሬው ጠቤ ከዚህች አባባል ጋር ነው። ለጆሮ ትጥማለች፤ ግን ሐሰት ናት። ሐሰትነቷ ደግሞ ሰው ያስገድላል።

አባባሏን በቲዎሪ ልብስ ያለበሳት ጀርመናዊው ሶሲዮሎጂስት ኡልሪሽ ቤክ ነው። «የሥጋት ኅብረተሰብ» የሚለውን መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1986፣ የቼርኖቢል የኑክሌር ጣቢያ በፈነዳበት ዓመት ነበር። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ የቀድሞው የኢንዱስትሪ ኅብረተሰብ የሚጣላው በሀብት ክፍፍል ነበር፤ ማን ስንት ያግኝ በሚለው። የኋለኛው ዘመን ኅብረተሰብ ግን ፋብሪካውና ሳይንሱ ራሳቸው በወለዱት መዘዝ ይጣላል፤ ጨረሩ፣ መርዙና የተበከለው አየር ለማን ይድረስ በሚለው። ይህ መዘዝ ደግሞ አጥር አያግደውም፤ ዞሮ ዞሮ የፈጠረውንም ያገኘዋል።

ሰውየው ሞኝ አልነበረም። የቼርኖቢል ደመና ባቫሪያ ላይ ሲዘንብ የባለ ቪላውንም የላብ አደሩንም ጓሮ አርሷል። ሥጋት ወደ ታች እንደሚጠራቀም፣ አደገኛ ፋብሪካዎችም ወደ ድኻ አገሮች እንደሚሰደዱ ራሱ ጽፏል። ግን ክርክሩ ያደላው ወደ እኩልነቱ ነው፤ የእኛዎቹ ጠቃሾች ደግሞ የቀረውን ገጽ ዘለውት ያልፋሉ።

እስቲ ቲዎሪውን እዚሁ አዲስ አበባ እንፈትነው።

መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ቆሼ ተናደ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። ቆሼን ማን ሠራው? ከ50 ዓመት በላይ ከተማዋ በሙሉ ነች የሠራችው፤ የሆቴሉ ትርፍራፊ፣ የቢሮው ወረቀት፣ የሁላችንም ፌስታል። ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ሳይሆን ዘመናዊ ኑሮ ራሱ ያመረተው ሥጋት ነው፤ ቤክ የሚለው ዓይነት፣ ጥርት ያለ ምሳሌ። ታዲያ መዘዙ ዞሮ ፈጣሪውን አገኘው? ቦሌ ምን ሆነ? ምንም። ቆሻሻው የመጣው ከሁሉም ሰፈር ነው፤ ሬሳው የወጣው ግን ከቆሼ ጥግ ከተጠጉት የጭቃና የላስቲክ ቤቶች ነው።

ከዚያ በፊት በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ተቃወሙ፣ በወራት ውስጥ ሥራው ቆመ፣ መኪኖቹም ወደ ቆሼ ተመለሱ። ገበሬዎቹን አልወቅስም፤ በማሳዬ ላይ አትጣሉብኝ ማለት መብታቸው ነው። ነገር ግን ቆሻሻው የት ይሂድ ለሚለው ጥያቄ የተገኘው መልስ ምን እንደነበር ልብ በሉ፦ ድምፁ ወደማይሰማው ሰው ደጅ።

አሁን ደግሞ ሌላ መጋቢት። የቆሼ ሐዘን ሁለት ዓመት ሊሞላው አንድ ቀን ሲቀረው፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ ከቦሌ የተነሣ ቦይንግ 737 ማክስ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። ከ30 በላይ አገሮች ዜጎች የሆኑ 157 ሰዎች አለቁ። በቀናት ውስጥ ያ የአውሮፕላን ዓይነት በዓለም ዙሪያ ከበረራ ታገደ። ቦይንግም እ.ኤ.አ. በ2021 ከአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር ጋር ባደረገው ስምምነት ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሊከፍል ተስማማ፤ ከዚህ ውስጥ 500 ሚሊዮኑ ለሟች ቤተሰቦች ነው። ይገባል፤ እንዲያውም ያንሳል። ግን እዚህም ቢሆን እኩልነቱ ዘግይቶ ነው የመጣው። ከአራት ወር ተኩል በፊት ያው ዓይነት አውሮፕላን ኢንዶኔዥያ ባሕር ውስጥ ገብቶ 189 ሰው ሲያልቅ፣ ጣት የተቀሰረው ወደ አብራሪዎቹና ወደ ጥገናው ነበር። አውሮፕላኑም መብረሩን ቀጠለ።

የሞት ሚዛን አላበጅም፤ ሁሉም ሞት ሞት ነው። የምለው ሌላ ነው። ለቢሾፍቱ ሟቾች ኤምባሲ፣ ጠበቃ፣ የምርመራ ሪፖርትና የፍርድ ቤት ቀጠሮ ነበራቸው፤ ዓለምም «ማን ወሰነ? ማን ደበቀ?» ብሎ ጠየቀ። ለቆሼ ሟቾች ድንኳንና እንባ ነበራቸው። ሥጋትን ሰፈር ያከፋፍለዋል፤ ከአደጋው በኋላ የሚመጣውን ጥያቄ ደግሞ ድምፅ ያከፋፍለዋል።

«ሁላችንም እኩል ነን» የምትለዋ ቲዎሪ የምትጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሁላችንም ተጠቂ ከሆንን ተጠያቂ የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 ኮቪድ ሲገባ «ቤታችሁ ተቀመጡ» ተባለ፤ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት ለስንት አባወራ የሚጋራው ሰው የቱ ጋ ይቀመጥ? የደላው ሙቅ ያኝካል አሉ።

ከቤክ የሚወሰድ ነገር ከተፈለገ የሚሻል ሐሳብ አለው፦ የተደራጀ ኃላፊነት የለሽነት። ሁሉም በየቢሮው ፈርሞ፣ ሁሉም መመሪያ ጠብቆ፣ በመጨረሻ ማንም የማይጠየቅበት አሠራር ማለት ነው። ቆሼን የሚያስረዳው ይህ ነው። ይህቺን ግን በካፌ የሚጠቅሳት አላየሁም፤ ምክንያቱም ስትጠቀስ ስም ትጠይቃለች።

እንግዲህ «አደጋ ሀብታም ድኻ አይልም» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ አትከራከሩት። የት ሰፈር እንደሚኖር ብቻ ጠይቁት።