ዳስ ከማቆማችን በፊት ጎረቤታችንን እንጠይቅ



የተከበራችሁ የዓምዳችን ተከታታዮች፣ በዚህ ወር የምናወጋችሁ ሐረግ ለሚጥሉ የጓሮ አትክልቶች ስለሚሠራ ዳስ ነው። ጉዳዩን የምናነሳው አዋቂ ሆነን ሳይሆን ተሳስተን ስለተማርን ነው።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አዲስ አበባ በምትገኘው ጠባብ ጓሯችን ሐረግ የሚጥል አደንጓሬ ዘራን። ቦታ እንዳይባክን ብለንም ሽምበቆውን ከጎረቤታችን የቆርቆሮ አጥር ጋር በሲባጎ አሰርነው። እሳቸውን ግን አላስፈቀድንም። «አጥር አይደል፣ ምን ይሆናል?» ተባባልን። አደንጓሬው አድጎ ከአጥሩ በላይ ሲንዠረገግ ደስ አለን። በጥቅምት አጋማሽ ግን አንድ ሌሊት ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ ጣለና፣ ውኃ ያከበደው ሐረግ ከነሽምበቆው ተንዶ ሁለት ቆርቆሮ ይዞ ወደቀ።

ከፈጅር ሰላት በኋላ ሄደን «እናታችን፣ አፉ በሉን» ስንላቸው ስለ አጥሩ ብዙም አልተናገሩም። «ልጆቼ፣ ቆርቆሮው ይመታል። በርበሬዬ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ፀሐይ አጥቶ ሻገተ» አሉን። ለምን ቀደም ብለው እንዳልነገሩን ስንጠይቃቸው፣ «የለማ ተክል ንቀሉ ማለት አፍሬ ነው» አሉ። በዚያች ጠዋት ያፈርነው ግን እኛ ነበርን። አጥሩን አሠራን፣ በርበሬውንም ተካን። የጎረቤት ሐቅ በድምፅ ብቻ ሳይሆን በጥላም እንደሚነካ የተማርነው ያን ጊዜ ነው።

ስህተታችን ሁለት ነበር። አንደኛው የቦታ ምርጫ ነው። በአገራችን ከመስከረም አጋማሽ እስከ የካቲት ፀሐይ ቀትር ላይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል። የእሳቸው ግቢ ደግሞ ከእኛ በስተሰሜን ነው። በታኅሣሥ ወር 2 ሜትር ቁመት ያለው ዳስ አዲስ አበባ ላይ በቀትር ከ1 ሜትር በላይ ጥላ ይጥላል፤ ጠዋትና ማታ ደግሞ ከዚያ ይረዝማል። ስለዚህ ዳሱን ከአጥር ቢያንስ 1 ሜትር ተኩል አርቃችሁ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ በተዘረጋ መስመር አቁሙት። እንዲህ ሲሆን አንዱ ጎን የጠዋት፣ ሌላው ጎን የከሰዓት ፀሐይ ያገኛል።

ሁለተኛው ስህተታችን የሥራው አለመጽናት ነው። ለ4 ሜትር ዳስ እያንዳንዳቸው 2 ሜትር ተኩል የሆኑ 3 የባሕር ዛፍ ቋሚዎችና 4 ሜትር የሆኑ 2 ቀጫጭን አጣናዎች ይበቃሉ። ልጣቸውን ላጡና አድርቁ።  የተቃጠለ የመኪና ዘይት መቀባት ለሚበላ አትክልት መሬት አይሆንም። ቋሚዎቹን በ2 ሜትር ርቀት፣ 50 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ጉድጓድ ተክላችሁ ዙሪያውን በድንጋይና በአፈር ጠቅጥቁ። አንዱን አጣና ከላይ፣ ሌላውን ከመሬት 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጋችሁ በማሰሪያ ሽቦ ጥፈሯቸው። ሁለቱን የጫፍ ቋሚዎችም በሰያፍ እንጨት ደግፉ። የእኛ ዳስ ይህ ድጋፍ አልነበረውም። በመጨረሻ በሁለቱ አጣናዎች መካከል በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ጠንካራ ሲባጎ ወጥሩ። ይህ ሁሉ ከዘር በፊት ይጠናቀቅ፤ በኋላ መቆፈር ሥር ይጎዳል።

ተክሎች ሁሉ አወጣጣቸው አንድ አይደለም። አደንጓሬ ግንዱን ራሱ በሲባጎው ላይ ይጠመጥማል። ኪያር ደግሞ እንደ ክር በቀጠኑ መያዣዎቹ ስለሚወጣ ወፍራም እንጨት መጨበጥ ያቅተዋል፤ ቀጭን ነገር ይሻል። ረጅሙ ቲማቲም ራሱን አይይዝምና በጨርቅ ቁራጭ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ዱባ ከተንጠለጠለ ፍሬው በጨርቅ መታቀፍ አለበት። አደንጓሬን በ15፣ ኪያርን በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ዝሩ። ውኃውን ከሥር አጠጡ፤ ቅጠል ረጥቦ ሲያድር በሽታ ይበዛበታል። እሸቱንም ቶሎ ቶሎ ልቀሙ፤ ተክሉ የሚያፈራው በተለቀመ ቁጥር ነው። ምርቱ ሲያበቃ የአደንጓሬውን ግንድ ቁረጡና ሥሩን መሬት ውስጥ ተዉት፤ ለአፈሩ ማዳበሪያ ይሆናል።

ወገኖቻችን፣ በሱረቱል አንዓም 141ኛ አንቀጽ ላይ ዳስ የተደረገላቸውና ያልተደረገላቸው አትክልቶች ተወስተዋል። እዚያው ላይ በአዝመራው ቀን ሐቁን መስጠትና አለማባከን ታዟል። እኛ የአዝመራውን ሐቅ ስናስብ ዳሱ ከመቆሙ በፊት ያለውን የሰው ሐቅ ዘንግተን ነበር።

ዘንድሮ አጣናውን ከመትከላችን በፊት እናታችንን ጠርተን ቦታውን አሳየናቸው። ጥቂት ቆም ብለው አዩና፣ «አንድ እርምጃ ወደዚያ አድርጉት» አሉን። አደረግነው። ዛሬ በርበሬያቸው ፀሐይ ላይ ነው፤ ከመጀመሪያው እሸትም አንድ ሰፌድ ወደ እሳቸው ቤት ሄዷል፣ አልሐምዱ ሊላህ።

እናንተም አካፋውን ከማንሳታችሁ በፊት የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። ለሚቀጥለው ወር አላህ በሰላም ያድርሰን።